ጃቫ ፈርን፦ አፈር የማይፈልገው የአኳሪየም ተክል አተካከልና አያያዝ

ጎጃም ውስጥ ለሰው ችግኝ ሲሰጡት እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ መቆፈሪያው ነው። ድንቹም፣ ጌሾውም፣ የቡና ችግኙም አፈር ካልለበሰ አይጸድቅም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ይህንን ነው። በዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ የሚያድገው ጃቫ ፈርን የሚሞተው በዚሁ ልማድ ነው። ብርሃን ቢያንሰው ይችላል፣ መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ ይችላል፣ ውሃው ቀዝቀዝ ቢልም ይችላል። አግዳሚ ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ግን ይበሰብሳል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህችን አትርሱ፦ ጃቫ ፈርን አይቀበርም፤ ድንጋይ ላይ ይታሰራል።

መመሪያውን የጻፍሁት ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሌላ የጎጃም ከተማ ሆናችሁ ቤታችሁ ውስጥ ዓሣ ማርባት ለጀመራችሁና ገንዳችሁ ውስጥ ሕይወት ያለው ተክል ማየት ለምትፈልጉ ነው። በየሆቴሉ መግቢያ በሚቀመጡት አኳሪየሞች ውስጥ የምናየው አብዛኛው ተክል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ውሃ አያጠራም። ፈርኑ ግን ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን ናይትሮጅን እየተመገበ ውሃውን ያግዛል፤ ለሚፈለፈሉ ጫጩት ዓሣዎችም መሸሸጊያ ይሆናል።

ተክሉን እወቁት

ጃቫ ፈርን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ነው። ስሙ የኢንዶኔዥያዋን ጃቫ ደሴት ይጥራ እንጂ በታይላንድ፣ በማሌዥያ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድና በደቡብ ቻይናም ይበቅላል። በሳይንሳዊ ስሙ ለረጅም ጊዜ ማይክሮሶረም ቴሮፐስ ሲባል ቆይቷል፤ አሁን ሌፕቶኪለስ ቴሮፐስ የሚሉት አሉ። ሻጭ በሁለቱም ስም ቢጠራላችሁ አንድ ተክል መሆኑን እወቁ።

በተፈጥሮ የሚኖረው በጫካ ውስጥ በሚወርድ ጅረት ዳር፣ በጥላ ሥር፣ ቋጥኝና የዛፍ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። ዝናብ ሲበዛ ጅረቱ ሞልቶ ይውጠዋል፤ ሲጎድል ደግሞ ቅጠሉ አየር ላይ ይቀራል። አያያዙ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ኑሮው ነው። ጥላ የለመደ ስለሆነ ኃይለኛ መብራት አይፈልግም። ቋጥኝ ላይ ስለሚኖር አፈር አይፈልግም። ውሃው ስለሚሞላና ስለሚጎድል ለውጥ አይፈራም።

ተክሉን በእጃችሁ ስትይዙት ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው ቅጠሉ ነው፦ ጠንካራ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ። ሁለተኛው ቅጠሎቹ ሁሉ የሚወጡበት፣ ቀጭን ዝንጅብል የሚመስለው አግዳሚ ግንድ ነው፤ ሪዞም ይባላል። ሦስተኛው ከሪዞሙ ሥር የተንጠለጠለው ጥቁር ቡናማ ጸጉር መሳይ ሥር ነው። ይህ ሥር ዋና ሥራው መያዝ፣ መጣበቅ ነው። ተክሉ ምግቡን የሚወስደው ከውሃው ነው። ስለዚህ ዝንጅብሉን የሚያፋፋው አፈር ለዚህኛው መታፈኛው ነው፤ ሪዞሙ ዙሪያውን ውሃ ሊነካው ይገባል።

ደረጃ 1፦ ጤነኛ ተክል ማግኘት

የአኳሪየም ተክል የሚሸጡ ቤቶች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ከዚያ ያስመጣል፣ ወይ ቀድሞ ከጀመረ ሰው ቁራጭ ይቀበላል። ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ቁራጩ የአካባቢውን ውሃ የለመደ ነው፣ ገንዘብም አይወጣበትም፤ ይህ ተክል ደግሞ ተከፋፍሎ የሚባዛ ስለሆነ ያለው ሰው መስጠት አይከብደውም።

ስትቀበሉ ወይም ስትገዙ ከቅጠሉ ይልቅ ሪዞሙን እዩ። በጣት ሲጫኑት ጠጠር የሚል፣ አረንጓዴ ወይም አረንጓዴ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚላላ፣ ሲጫኑት የሚሟሽሽና የሚሸት ከሆነ በስብሷል፤ ቅጠሉ ቢያምርም አትውሰዱት። አምስት ሴንቲ ሜትር የምታህል ሪዞም ሦስት አራት ቅጠል ካላት ለመጀመሪያ ትበቃለች።

ቅጠሉ ሰፊ ከሆነው ከተለመደው ዓይነት ሌላ ቀጭን ቅጠል ያለው፣ ሦስት ጣት የሚመስለው ትራይደንትና ጫፉ የተተነተነው ዊንደሎቭ አሉ። ዊንደሎቭ የሚለው ስም ትሮፒካ የተባለውን የዴንማርክ የውሃ ተክል ድርጅት ከመሠረቱት ከሆልገር ዊንደሎቭ የተወሰደ ነው። አያያዛቸው አንድ ስለሆነ ያገኛችሁትን ውሰዱ። ለጀማሪ ግን ሰፊ ቅጠሉን እመርጣለሁ፤ ማሰሩም ማጽዳቱም ይቀልላል።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ በውሃ የተሞላ ዕቃ አያስፈልግም። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ አስገብቶ፣ አፉን ማሰር ይበቃል፤ እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ዕቃው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ቀትር ላይ ዓባይ በረሃ ከገባ ተክሉ ላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል። ለረዳቱ ነግራችሁ ውስጥ፣ ከመቀመጫ ሥር ይቀመጥላችሁ።

ደረጃ 2፦ ገንዳውና ውሃው

ለመጀመር 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ጥሩ መጠን ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ነው ማለት ነው። መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመርበት ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይችለው ይችላል። የማይነቃነቅ፣ ወለሉ የተስተካከለ ቦታ ፈልጉ። መስኮት ሥር አታድርጉት፤ ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ገንዳ በአጭር ጊዜ በአልጌ ይለብሳል፣ ውሃውም ቀን እየሞቀ ሌሊት እየቀዘቀዘ ዓሣውን ያስጨንቃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሩት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካን ውስጥ ማሳደር ብዙ አይረዳም፤ ክሎሪኑ የሚወጣው ወደ አየር ነው። ለመጠጥ ብላችሁ ውሃ አጋር የጨመራችሁበትን ውሃ ደግሞ ለገንዳ አትጠቀሙ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጣና ዳር፣ ከጅረት ወይም ከመስኖ ቦይ ውሃ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ አምጥታችሁ ገንዳ ውስጥ አትጨምሩ። በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ አለ፤ የበሽታው ተሐዋስ የሚያድገው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ የሚዋኘው እጭ ቆዳን በስቶ ይገባል። እጃችሁን በየሳምንቱ እስከ ክርናችሁ የምትነክሩበት፣ ልጆችም የሚነካኩት ገንዳ ውስጥ ይህ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ፈርኑ በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ሊገባ ይችላል። ዓሣው ግን ይቆይ። በገንዳው የውሃ ማጣሪያ ውስጥ የዓሣን ኩስ የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ዓሣ ከበዛ ከኩሱ በሚወጣው አሞኒያ በሚባል መርዝ ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ድንጋይ መምረጥ

በዚህ በኩል ጎጃም ታድሏል። በባሕር ዳር ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ የውሃውን ጠባይ አይለውጥም፣ ሸካራ ገጹም ለፈርኑ ሥር መያዣ ይሆነዋል። ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ላይም ይጣበቃል፤ ጊዜው ግን ይረዝማል።

የኖራ ድንጋይ ሌላ ነገር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሚታየው ነጣ ያለው ድንጋይ አብዛኛው ኖራ ያለበት ነው፤ ውሃ ውስጥ በቀስታ እየሟሟ ውሃውን ማዕድን የበዛበት፣ ከባድ የሚባለው ውሃ ያደርገዋል። ፈርኑን በቀጥታ አይገድለውም፤ ለስላሳ ውሃ የሚወዱ ዓሣዎችን ግን ይጎዳል። መለያው ቀላል ነው፦ በደረቁ ድንጋይ ላይ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉ። አረፋ እያወጣ ከጮኸ ኖራ አለበት፣ ተዉት። ዝም ካለ ውሰዱት።

የቡጢ ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ምረጡ። በብሩሽ ፈትጉት። ሳሙናና ኦሞ አታስነኩት፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ሳሙና ዓሣ ይገድላል። ከዚያ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። እሳት ላይ አትጣዱት፤ ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

እንጨት የሚመርጥ ሰው በደንብ የደረቀ ጠንካራ የዛፍ ሥር መጠቀም ይችላል፤ አስቀድሞ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፎ እስኪሰምጥ ይቆይ። ባሕር ዛፍና ጥድ ግን አይሆኑም። አንዱ ዘይቱ፣ ሌላው ሙጫው ውሃውን ያበላሻል። ለጀማሪ ድንጋይ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ማሰር

የሥራው ዋና እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ተክሉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የተበላሸ፣ የላላ ወይም ግማሹ የጠቆረ ቅጠል ካለ ከመነሻው በመቀስ ቁረጡ። ሪዞሙ ላይ ጥቁርና ለስላሳ ቦታ ካገኛችሁ ጤነኛው አካል እስኪታይ ድረስ በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። የቀንድ አውጣ እንቁላል ጥርት ያለ ንፍጥ መስሎ ከቅጠሉ ሥር ይለጠፋልና ቅጠሉን እየገለበጣችሁ በጣት አንሱት። ሥሩ ከረዘመና ከተጠላለፈ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙት፤ አጭር ሥር ድንጋዩ ላይ ይተኛል፣ አዲስ ሥርም ቶሎ ያወጣል።

አሁን ሪዞሙን ድንጋዩ ላይ አጋድሙት፤ ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ። ድንጋዩ ስንጥቅ ወይም ጎድጓዳ ካለው እዚያ ላይ ይተኛ። ክሩን ከድንጋዩ ሥር አዙራችሁ በሪዞሙ ላይ አሳልፉ፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል እንጂ በቅጠሉ አንገት ላይ አይለፍ። ሁለት ሦስት ቦታ አዙሩና ከድንጋዩ ሥር ቋጥሩት። ክሩ ሪዞሙን መያዝ እንጂ መቁረጥ የለበትም። ቅጠሉን ይዛችሁ በቀስታ ስትስቡት ካልተንሸራተተ በቂ ነው።

ክሩ ምን ይሁን? ነጭ የጥጥ የልብስ ስፌት ክር በጣም ጥሩ ነው። ቀለም የገባ ክር ውሃ ውስጥ ቀለሙን ሊለቅ ስለሚችል ተዉት። የጥጥ ክር ከሳምንታት በኋላ ራሱ በስብሶ ይወድቃል፤ እስከዚያ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይጠብቃል። በእጅ የተፈተለ የጥጥ ፈትል ካላችሁ እሱም ይሆናል፤ ለስላሳ ስለሆነ ግን ቶሎ ይበጠሳልና ደርባችሁ እሰሩ። የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ለመረብ የሚጠቀሙበት ናይለን ክር አይበሰብስም፤ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ስታስሩ ይሄ ይመረጣል፣ ሥሩ ከያዘ በኋላ በመቀስ ቆርጣችሁ ታወጡታላችሁ።

ሱፐር ግሉ የሚመርጡ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ከደረቀ በኋላ ለዓሣም ለተክልም ጉዳት የለውም። ወፍራሙን፣ እንደ ጄል ያለውን ዓይነት ተጠቀሙ። ድንጋዩና የሪዞሙ ሥር በጨርቅ ይጠረግ፤ ሁለት ቦታ ጠብታ አድርጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን የሪዞሙን ጫፍ ሙጫ አታስነኩት። ጣታችሁንም ጠብቁ፤ ልጆች ባሉበት አትሥሩት።

ሥሩ ድንጋዩን አጥብቆ ለመያዝ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እያነሳችሁ አትዩት፤ በተነቀነቀ ቁጥር የጀመረው ሥር ይላቀቃል።

ደረጃ 5፦ ገንዳው ውስጥ ማስቀመጥ

ድንጋዩን ከነተክሉ ገንዳው ወለል ላይ፣ ጠጠሩ ወይም አሸዋው ላይ አስቀምጡት። ድንጋዩ እንዳይንከባለል ግርጌው ጠጠሩ ውስጥ ትንሽ ቢሰምጥ ችግር የለም። ሪዞሙ ግን ከጠጠሩ በላይ መሆኑን ደግማችሁ እዩ። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ቀስ ብሎ በተክሉ ላይ የሚያልፍበት ቦታ ይስማማዋል፤ ቅጠሉ ላይ አቧራና ኩስ አይረጋም። ውሃው በኃይል የሚመታበት ቦታ ግን ቅጠሉን ያደክመዋል።

ረጅም ስለሚሆን ከገንዳው መካከል ወይም ከኋላ ይሁን። ፊት ለፊት ካደረጋችሁት ከጊዜ በኋላ ዓሣውን ይጋርድባችኋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። የአኳሪየም ተክል አምራቾች ፈርንን ብዙውን ጊዜ የሚያሳድጉት ከውሃ ውጭ፣ እርጥበት ባለው ቤት ውስጥ ነው። አየር ላይ ያደገው ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲገባ አይስማማውም፤ ቀስ በቀስ ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ይረግፋል። ይህ ሞት አይደለም። ሪዞሙ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉ በሕይወት አለ። የተበላሸውን ቅጠል ቁረጡና ጠብቁ። ከሪዞሙ ላይ እንደ መርፌ ራስ ትንሽ የሆነ አረንጓዴ ቡቃያ ሲወጣ ታያላችሁ፤ እሱ ውሃውን ለምዶ የተወለደ ቅጠል ነው፣ እሱ አይረግፍም።

እድገቱ ዘገምተኛ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንዲት ቅጠል ካወጣ ጤነኛ ነው። ይህንን ዝግታ በማዳበሪያ ለማፍጠን አትሞክሩ።

ብርሃን

በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የሚበራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃዋል። ሱቅ ውስጥ ዴይላይት የሚባለው፣ 6500 ተብሎ የተጻፈበት ጥሩ ነው፤ ለ54 ሊትር ገንዳ ከ5 እስከ 9 ዋት ያለው በቂ ነው። ጨምራችሁ ብታበሩለት ፈርኑ አይፈጥንም፤ የሚፈጥነው አልጌው ነው። ጥቁር ጸጉር መሳይ አልጌ አንዴ የፈርን ቅጠል ላይ ከያዘ በጣት አይለቅም። ያን ጊዜ ቅጠሉን ቆርጦ ሰዓቱን መቀነስ ነው መፍትሔው።

መብራት ሲጠፋ ለፈርኑ አትጨነቁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ጨለማ አይጎዳውም። ጭንቀቱ ለዓሣው ነው። ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ ከቆሙ ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየቀነሰ ይሄዳል። በየተወሰነ ጊዜ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ ወደ ገንዳው አፍስሱ፤ ሲፈስ አየር ይዞ ይገባል። ምግብ ደግሞ መብራቱ እስኪመጣ አትስጧቸው።

ብርድና ሙቀት፣ እንደየከተማው

ፈርኑ በጣም የሚስማማው ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቤት ውስጥ ያለ ገንዳ አብዛኛውን ዓመት ያለ ማሞቂያ ይሆናል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ውሃው እንዳይግል ክዳኑን ገለጥ ማድረግና ገንዳውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ሞቃት ክፍል ማራቅ ይጠቅማል።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የገንዳው ውሃ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ፈርኑ አይሞትም፤ እድገቱን ግን ያቆማል። ጋፒና ሞሊ የመሳሰሉት የሙቅ ውሃ ዓሣዎች በዚያ ብርድ ይታመማሉ። ስለዚህ በደጋው ላላችሁ ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ 50 ዋት ማሞቂያ ለ54 ሊትር ገዝታችሁ 24 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ማሞቂያው ፈርኑን እንዳይነካ ራቅ ይበል፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ውሃ ስትቀንሱ ማሞቂያውን አስቀድማችሁ ከሶኬት ንቀሉ፤ ከውሃ ውጭ ሆኖ ከበራ ይሰነጠቃል። በብርድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ከጎንና ከጎን ጠቅልሉት፤ ላዩን ለአየር ገለጥ አድርጉት።

ጎልድፊሽ ብርዱን ይችላል፤ ብዙ ተክል ቢበላም የፈርኑ ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። ግን ጎልድፊሽ ትልቅ ይሆናል፤ ለ54 ሊትር ገንዳ የሚመጥን ዓሣ አይደለም።

ውሃ መለወጥና ማዳበሪያ

በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ቀንሳችሁ ባልዲ ውስጥ ባደረ ውሃ ተኩት። ከገንዳው የወጣውን ውሃ አትድፉት፤ ለጓሮ ጎመንና ለጌሾ ማለፊያ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፦ ዳፕ፣ ኤንፒኤስ ወይም ዩሪያ ገንዳ ውስጥ አይገባም። አንዲት ቁንጥርም ብትሆን። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ፎስፈረሱ ከናይትሮጅኑ ጋር ተደምሮ ገንዳውን ለአልጌ ያመቻቻል። ለበቆሎ ማሳ የተለካ ነገር ለ54 ሊትር ውሃ መርዝ ነው። ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ፈርኑ ናይትሮጅኑን ከኩሱ ያገኛል። ቅጠሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ብስ ከታየ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም አንሶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ማዳበሪያ ፈልጋችሁ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ስጡ።

ቅጠሉ ላይ የሚታይ ምልክት ምን ይናገራል?

ከቅጠሉ ሥር በመስመር የተደረደሩ ቡናማ ነጥቦች ካያችሁ በሽታ አይደለም። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል ብናኝ ነው፣ ነጥቦቹም የስፖሩ ከረጢቶች ናቸው። ጀማሪዎች ይህንን በሽታ መስሏቸው ጤነኛ ቅጠል ይቆርጣሉ።

ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የቀቀሉት የመሰለ ቡናማ ጠቃጠቆ ግን ሌላ ነው። ቦታ የመለወጥ ድንጋጤ፣ የምግብ እጥረት ወይም ከመጠን ያለፈ መብራት ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ካረጀ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አዲስ የሚወጣው ላይ ካልታየ ነገሩ አልፏል። አዲሱም ላይ ከታየ መብራቱን ቀንሱ፣ ውሃ አዘውትራችሁ ለውጡ።

ቅጠሉ ሁሉ ከመነሻው እየተነቀለ የሚወድቅ ከሆነ ወዲያው ሪዞሙን ዳስሱ። አሸዋ ለብሶ ከሆነ ግለጡት። የጠቆረውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አንዲት ጣት የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ከተረፈች እንደገና እሰሯት፤ ታቆጠቁጣለች።

ማባዛት

ሁለት መንገድ አለ። ሪዞሙ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ በአዲስ ምላጭ ከመካከሉ መቁረጥ አንዱ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ ሦስት ቅጠል ይኑር፤ ከዚያ በደረጃ 4 እንደተባለው እሰሩት። ከተቆረጠበት አካባቢ አዲስ ቡቃያ ስለሚወጣ ተክሉ ጥቅጥቅ እያለ ይሄዳል።

ሁለተኛው ተክሉ በራሱ የሚሠራው ነው፣ ለማየትም ደስ ይላል። ያረጀ ቅጠል ጫፉና ዳሩ ላይ ጥቁር ጸጉር ያወጣል፤ ከጸጉሩ መካከል ጥፍር የምታህል ቅጠል ትወጣለች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ይህ ጥቁር ጸጉር አልጌ መስሏችሁ እንዳትቆርጡት፤ የልጇ ሥር ነው። ልጅቱ ሦስት አራት ቅጠል ይዛ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር እስክትደርስ እናትየው ላይ ተዉአት። ከዚያ በጣት ሳብ ስታደርጓት ትለቃለች፤ ጠጠር በሚያህል ትንሽ ድንጋይ ላይ በክር አስሯት። ራሷ ተላቅቃ ውሃው ላይ ስትንሳፈፍ ካገኛችኋትም ያው ነው።

ትርፉን የት እንጣለው?

ጣናን የያዘውን እምቦጭ የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ገበሬውም አስጋሪውም በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ጃቫ ፈርን እንደ እምቦጭ በፍጥነት የሚስፋፋ አይደለም። ቢሆንም የውጭ ተክል ነው፤ ከገንዳችሁ የተቆረጠ ቅጠል፣ ሪዞም ወይም ቀንድ አውጣ ወደ ጣና፣ ወደ ዓባይም ሆነ ወደ ከተማው ቦይ አይጣል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ጓሮ ካለው የብስባሽ ጉድጓድ ጨምሩት።

ዓሣውም ወደ ሐይቁ አይለቀቅ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከገንዳ የሚለቀቅ የውጭ ዓሣ በሽታ ወይም ተፎካካሪ ሊያመጣባቸው ይችላል። ገንዳውን መያዝ ካቃታችሁ ወይም ከተማ የምትለውጡ ከሆነ ፈርኑን ከነድንጋዩ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ ዓሣዎቹን በራሳቸው ውሃ በባልዲ ይዛችሁ፣ ገንዳ ላለው ሰው አስረክቡ።